«ማቃጠሉ ስለተወኝ ድኛለሁ» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ባለፈው እዚህ ዓምድ ላይ ስለ ደነዘዘ እግሬ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም እግሬ በድን ሆኖ፣ ስነሳ ልወድቅ ደረስኩ። በቃ፣ ይሄው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስልኬ አላረፈም። ጎጃም ውስጥ የደነዘዘ፣ የሚወጋ ወይም የሚያቃጥል ነገር የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ከአንዱ ላይ ስድቡንም አውጥቻለሁ። «ዶክተር» እያላችሁ ለምትጽፉልኝ ደግሞ፦ ዶክተር አይደለሁም። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ጤና ጣቢያዎች ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ጡረተኛ ነርስ ነኝ። «ሲስተር» ይበቃኛል።

ከቢቸና፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ከጓደኛው ጋር ተወራርዷል። እሱ «የእጅ ስሜት ሕብለ ሰረሰር (ጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው የነርቭ ገመድ) እንደገባ ወዲያው ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገራል» ይላል። ጓደኛው «የለም፣ ላይ ጭንቅላት ሥር ደርሶ ነው የሚሻገረው» ይላል። ውርርዱ የአንድ ሳምንት ምሳ ነው። ማን በላ? ፍጥነቱስ ስንት ነው?

ማንም አልበላም። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ፤ ምሳውን ተካፈሉት።

ከቆዳ ወደ አንጎል የሚወጣው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በአንደኛው ቀላል ንክኪ ይሄዳል፤ ዓይንህን ጨፍነህ እጅህ የት እንዳለ የምታውቀውም በዚሁ ነው። ይሄኛው ሕብለ ሰረሰር ሲገባ ጎን አይቀይርም። በገባበት በኩል ቀጥ ብሎ ይወጣና ከማጅራትህ ከፍ ብሎ፣ የአንጎል ግንድ ሥር ሲደርስ ይሻገራል። ጓደኛህ ያለው ይሄን ነው። በሁለተኛው መንገድ የሚሄዱት ሕመም፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ናቸው። እነዚህ ችኩሎች ናቸው፤ እዚያው ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ወደ ማዶ ተሻግረው በማዶው በኩል ይወጣሉ። አንተ ያልከው ደግሞ ይሄን ነው። ሁለቱም አንጎል መሀል ታላመስ የሚባል መናኸሪያ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ተሳፍረው ወደ አንጎል የላይኛው ንጣፍ ይሄዳሉ። በዚህ መናኸሪያ ሳያልፍ በአቋራጭ የሚገባ ስሜት ሽታ ብቻ ነው። የሚቆላ ቡና ሲሸትህ ሳታስበው የአያትህ ቤት ድቅን የሚልብህ ለዚያ ይሆናል።

መምህርህ ማስረጃ ካሉህ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብራውን ሴካር የሚባል ሐኪም ያስተዋለውን ንገራቸው። ሕብለ ሰረሰሩ በአንድ ጎን ብቻ፣ ግማሹ የተቆረጠ ሰው፣ ከቁስሉ በታች በቆሰለበት በኩል እግሩ አይታዘዝለትም፣ የት እንዳለም አያውቀውም። ሕመምና ሙቀት የሚያጣው ግን በሌላኛው እግሩ ነው። መንገዱ አንድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። ድሮ የነርቭ ፍጥነት አይለካም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850 ሄልምሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ በእንቁራሪት እግር ነርቭ ለካው፤ በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ ሆነ። ብዙ ሰው መብረቅ ነገር ጠብቆ ስለነበር በጣም ቀርፋፋ ሆኖ ታየው። በሰው ላይ የንክኪ ነርቭ በሰከንድ እስከ 70 ሜትር ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመግባት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥብህም፤ የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ካልቆጠርነው። ዘገምተኛው የሕመም ነርቭ ግን በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ያ ማለት በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ገበያ የምትሄድ እናትህ ትቀድመዋለች። አዲስ አበባ የሚገባው ቀንና ሌሊት ተጉዞ በሦስት ቀን ተኩሉ ነው። ልዩነቱን ያመጣው አለባበሱ ነው። ፈጣኑ ወፍራም ሆኖ የስብ ሽፋን ተጠቅልሎበታል፤ ዘገምተኛው ቀጭን ነው፣ ሽፋንም የለውም።

እንጀራ የጋገረ ሰው ይሄን በእጁ ያውቀዋል። ጣት የጋለ ምጣድ ሲነካ መጀመሪያ እጅ ይሸሻል። ሽሽቱን ያዘዘው አንጎል አይደለም፣ ሕብለ ሰረሰር ራሱ ነው። ከዚያ ስለት የመሰለ ውጋት ብልጭ ይላል። ከዚያ ትንሽ ዝም። «ተመስገን፣ ተረፍኩ» ልትል ስትል ዋናው ማቃጠል ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ እሱ በእግሩ ነው የመጣው። የእግር ጣት ሲሆን ልዩነቱ አንድ ሰከንድ ያህል ይሆናል። «ስሜቱ ሲበረታስ ይፈጥናል ወይ?» ላልከው፣ አይፈጥንም። የአንዱ ነርቭ ምልክት ሁልጊዜ ያው አንድ ዓይነት ነው፤ ሲበረታ የሚለወጠው ድግግሞሹ ነው። በር የሚያንኳኳ ሰው ሲቸኩል ቋ፣ ቋ፣ ቋ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ይሄን ያረጋገጠው ኤድሪያን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1932 ሼሪንግተን ከሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ጋር ኖቤል ተሸልሟል።

ከባህር ዳር። ራሴን ስኮረኩር ለምን አልስቅም?

አንጎልህ የገዛ እጅህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለሚያውቅ። ሥራ ከሌለህ ሌላ ሰው ይኮርኩርህ።

ከደምበጫ። ክርኔን በር ስመታው እስከ ትንሿ ጣቴ ኤሌክትሪክ የሚነዝረኝ ለምንድን ነው?

እዚያ ጋ ወደ ትንሿ ጣትህ የሚወርደው ነርቭ በቆዳና በአጥንት መካከል ያለ ምንም መከላከያ ስለሚያልፍ ነው። በሽታ አይደለም። ይሄን ነርቭ ግን አስታውሱት፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከቡሬ፣ አንዲት እህት። ቀኑን ሙሉ ዛላ በርበሬ ስትቀነጥስ ውላ ሌሊት እጇ እሳት ሆነባት። ባሏ እጇን ይዞ «አይሞቅም እኮ» ይላታል። ማን ልክ ነው? ውሃ ብትነክረውም አልበረደላት።

ባልሽ ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ። ቆዳሽ ውስጥ ያለው የሙቀት ነርቭ ጫፉ ላይ ትንሽ በር አለው። ሙቀት 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በሩ ይከፈትና «ተቃጠልኩ» የሚል መልእክት ይነሳል። የበርበሬው ቅመም ይሄንኑ በር ያለ ሙቀት ይከፍተዋል። አንጎል ደግሞ ቴርሞሜትር የለውም፤ የሚያውቀው የትኛው መስመር እንደደወለ ብቻ ነው። የእሳት መስመር ከደወለ እሳት ነው ይላል። ይሄን በር እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል ተመራማሪ ነው፤ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸለመበት። የብርድ መስመርም የራሱ በር አለው፤ ናና አፍ የምታቀዘቅዘው እሱን ነክታ ነው።

ውሃው ያልሠራው ቅመሙ በውሃ ስለማይሟሟ ነው። እጅሽን መጀመሪያ ዘይት ቀብተሽ እሺው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ። አፍ ከሆነ ወተት ይሻላል፤ በጾም ቀን እንግዲህ ቻዪው። ለሚቀጥለው ፌስታል እጅሽ ላይ አጥልቂ። ዓይንሽን እንዳትነኪ አልልሽም፣ አንዴ የነካ ሰው ሁለተኛ አይነካም።

ከሞጣ፣ የ58 ዓመት አባት። ዳገት ሲወጡ የግራ ክንዳቸውን በውስጥ በኩል ይጫናቸዋል፣ አንዳንዴም መንጋጋቸውን። ቆም ሲሉ ይተዋቸዋል። «ነርቭ ነው» ተብለው የቫይታሚን መርፌ ተወግተዋል። አምስተኛው መርፌ ያስፈልገኝ ይሆን ይላሉ።

አባቴ፣ መርፌውን ይተዉትና ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ነገ ገበያ ነው፣ ከነገ ወዲያ ክርስትና ነው አይበሉ። ሲደክሙ የሚመጣና ሲያርፉ የሚተው የክንድ ጫና የልብ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አይታመንም፤ አልሆነም የሚለው ደግሞ ምርመራ ነው እንጂ እኔም እርስዎም አይደለንም። የልብ ስሜት ነርቮች ሕብለ ሰረሰር የሚገቡት የግራ ክንድ ውስጠኛው ክፍል ነርቮች በሚገቡበት ደረጃ ላይ ነው። አንጎል ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ በር የለመደው የክንድ ወሬ ነው፤ ልብ ሲጮህም «ክንዴ» ይላል። ስለዚህ ክንድዎን ቢያሹት፣ ቢያሽጉት ምንም አይሆንም። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ እንዲያነሱልዎት ይጠይቁ። ያነሱትም ምንም የለም ካሉ፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ እንደሚመጣብዎት አስረግጠው ይንገሯቸው። ቁጭ ብለው ከመጣብዎት፣ ካላበዎት፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ካልተወዎት ደግሞ በእግርዎ አይሂዱ፣ ሰው ይዞዎት ይሂድ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ከዳንግላ፣ አንዲት ልጅ። የባሏ እናት፣ 66 ዓመታቸው፣ መጀመሪያ የቀኝ ጎናቸውን ለሦስት ቀን አቃጠላቸው። ከዚያ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ቁስሎች ከጀርባ እስከ ጡት ሥር መስመር ሠርተው ወጡ። ጎረቤት «ሸረሪት ሸንቶባት ነው» ብሎ ነጭ ሽንኩርት አስለጠፈ። ሌላው «ወገቧን ዞሮ ከገጠመ ትሞታለች» ብሎ አስለቀሳቸው።

ለዚህች ልጅ ዓምዱን ሳልጠብቅ ደውዬላታለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ለሌላው ነው። ይሄ አልማዝ ባለጭራ ነው። ሸረሪቷ ንጹሕ ናት። በልጅነት የወጣብን የጉድፍ ቫይረስ ከዳንን በኋላ ከሰውነታችን አይወጣም፤ ጀርባ አጥንት አጠገብ፣ የስሜት ነርቭ ሕዋሶች በተሰበሰቡበት ጉብታ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም አቅም ሲደክም ከአንዱ ጉብታ ይነሳና የነርቩን መስመር ይዞ ወደ ቆዳ ይወርዳል። ቁስሉ ከመውጣቱ በፊት የሚያቃጥለው ለዚህ ነው፤ ነርቩ ቀድሞ ታሟል። መስመር የሚሠራውም ለዚህ ነው። የቀኙ ነርቭ የሚያገለግለው የቀኙን ጎን ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እምብርት ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ዞሮ አይገጥምም። ያች የሞት ወሬ ስንት ሰው እንዳስለቀሰች!

መድኃኒት አለው፤ ግን ቁስሉ ከወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ሽንኩርቱን እጠቡት፣ ራሱ ያቃጥላል። ግንባር፣ ዓይን ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ሦስት ቀን የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ። ወጣት ሰው ላይ ከወጣ የኤችአይቪ ምርመራም ማድረግ ጥሩ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ወራት የሚቆይ ማቃጠል ሊተርፍ ይችላል፤ ለእሱም የተለየ መድኃኒት ስላለ «ዕጣዬ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ።

ሁለት ደብዳቤ አንድ ላይ። አንዱ ከፍኖተ ሰላም ነው። ስኳር ያለባቸው ነጋዴ ናቸው። ሦስት ዓመት እግራቸው ሌሊት ሌሊት እንደ ረመጥ ሲያቃጥላቸው ኖሯል፤ ከአንሶላ ውስጥ እያወጡ ነበር የሚተኙት። «አሁን ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማቃጠሉ ስለተወኝ ድኛለሁ። ክትትሉን ላቁመው ወይ?» ይላሉ። ሌላው ከደጀን በኩል፣ ከአንዲት እናት ነው። የ13 ዓመት ልጇ ጀርባ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ወጥቷል። «አያሳክከውም፣ አያመውም፣ ቋቁቻ ነው ብዬ ነው፤ ምን ልቀባው?»

እነዚህን ሁለት ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ሁለቱም የምሥራች አድርገው የጻፉልኝ «አያመኝም» የሚለውን ነው። እኔን ያስደነገጠኝም እሱው ነው።

ከነጋዴው ልጀምር። ጌታዬ፣ የእግርዎን አውራ ጣት የሚያገለግለው የነርቭ ሕዋስ መኖሪያው እግርዎ አይደለም። ወገብዎ ላይ፣ ጀርባ አጥንትዎ ጎን ነው። ከዚያ ተነስቶ እስከ ጣትዎ ጫፍ ከአንድ ሜትር የማያንስ አንድ ክር ይዘረጋል፤ ክሩን የሚመግበው ያው አንዱ ሕዋስ ነው። የስኳር መጠን ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቩንም፣ ለነርቩ ደም የሚያደርሱትን ጥቃቅን ሥሮችም ይጎዳል። ስንቅ ሲያጥር መጀመሪያ የሚራበው ከሁሉም ሩቅ ያለው ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ከእግር ጣት ይጀምርና እንደ ካልሲ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣት ይጀምራል፤ የእጅ ነርቭ ርዝመት ከዚያ ጋር ስለሚቀራረብ። ሌሊት የሚያቃጥልዎት የተጎዳው ነርቭ ጩኸት ነበር። ጩኸቱ ሲቆም ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ስኳርዎ ተስተካክሎ ነርቩ አገግሟል፣ ወይ የሚጮኸው ሞቷል። እርስዎ የመጀመሪያውን መርጠዋል፤ መምረጥ ግን አይቻልም፣ መመርመር እንጂ።

ምርመራው ቀላል ነው። ጤና ጣቢያ ቀጭን የናይሎን ክር አላቸው፣ ተጎንብሶ እስኪታጠፍ እግርዎ ላይ ጫን ያደርጉታል፣ ተሰማኝ ወይም አልተሰማኝም ይላሉ። ክሩ እስኪገኝ ቤት ውስጥ ዓይንዎን ይጨፍኑና ልጅዎ የእግር ጣቶችዎን ጫፍ አንድ በአንድ በጣቱ ለስለስ አድርጎ ለሁለት ሰከንድ ይንካልዎት። አይጫን፣ አይኮርኩር። ሁለትና ከዚያ በላይ ጣት ሲነካ ካልተሰማዎት አልዳኑም። ክትትልዎን ደግሞ በምንም ሁኔታ አያቁሙ፤ ይሄን ለመጠየቅ ወደ እኔ መጻፍዎ ራሱ አስቆጥቶኛል።

እስከዚያው እግርዎን እንደ ሌላ ሰው እግር ይጠብቁት፤ ስለራሱ ሊነግርዎት አይችልምና። ማታ ማታ መርገጫውንና የጣቶቹን መካከል በዓይን ይዩት፣ ወይም ያሳዩ። ጫማ ከመጫማትዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት። አንድ ገበሬ አውቃለሁ፣ ጫማውን አልፎ እግሩ የገባ ሚስማር ይዞ ገበያ ውሎ፣ ጤፉን ሸጦ፣ ቡና ጠጥቶ ቤቱ ገባ፤ ያየችው ሚስቱ ናት። ሙቅ ውሃ በእግር አይለካም፣ በክርን ነው። ደግሞ የብርድ አገር ሰዎች፣ የጮቄ ሥሮች፣ እግራችሁን ምድጃ ዳር ዘርግታችሁ ማውጋት የምትወዱ፦ ስኳር ያለበት ሰው ከእሳቱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ጠበሉን አልከለክልም፤ ክኒኑንም እግር መጠበቁንም ጠበሉ አይከለክልም።

ለደጀኗ እናት የምነግራት ግን የራሴን ጥፋት ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ከቤት ርቄ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ክንዷ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ይዛ መጣች። «ያሳክክሻል?» አልኳት። «አያሳክከኝም።» «ያምሻል?» «አያመኝም።» ቋቁቻ ነው ብዬ ቅባት ሰጥቼ ሰደድኳት። ውጭ ሌላ ሃያ ሰው ተሰልፎ ነበር። ጥጥ ቆንጥሬ፣ ዓይኗን አስጨፍኜ ነካ ባደርጋት ይበቃኝ ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ። ሁለት ዓመት ቆይታ ተመለሰች። ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ ታጥፈው ቀርተዋል። የመዳፏ ጠርዝ ላይ የምድጃ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ተደራርቧል፣ አንዱንም ሲቃጠል አላወቀችውም። ከላይ የጻፍኩት የክርን ነርቭ እሱ ነው። ክርኗ ጋ ስዳስሰው እንደ ገመድ ወፍሮ አገኘሁት።

ሥጋ ደዌ ነበር። ሌላውን ስሙን አልጠራውም፣ እናንተም ተዉት። በዘር የሚመጣ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፤ ለጋብቻ «ዘራቸው ንጹሕ ነው ወይ?» እያላችሁ የምታጣሩ ይሄን አንብቡልኝ። ሀንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም ተህዋሲያኑን እ.ኤ.አ. በ1873 አይቶታል። ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል፤ ቆዳ ሥር ያሉ ነርቮች ውስጥ ይገባል። ጣት የሚበላ አይደለም። እሱ የሚያደርገው የስልኩን ሽቦ መቁረጥ ነው፤ ጣቱን የሚጨርሱት ምጣዱ፣ ጀበናው፣ ድንጋዩና ማጭዱ ናቸው። አብዛኛው ሰው የተፈጥሮ መከላከያ ስላለው ቢጋለጥም አይታመምም። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፣ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፣ ያድናል። ታማሚው ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ለሰው ማስተላለፉን ያቆማል። ነርቩ የተጎዳው በቅርቡ፣ ከ6 ወር በታች ከሆነ ስሜቱም የመመለስ ዕድል አለው። የእኔዋ ልጅ ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። በሽታው ዳነ። ጣቶቿ አልተቃኑም።

ስለዚህ እህቴ፣ ምንም አትቀቢው። የጥጥ ጫፍ አቅጥነሽ ልጁን ዓይኑን አስጨፍኚና ነካ አድርጊው፤ አንዴ ደህናው ቆዳ ላይ፣ አንዴ ነጣ ያለው ላይ፣ የነካሽበትን በጣቱ ያሳይሽ። በትክክል ካሳየሽ ቋቁቻ ወይም ሌላ ነገር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ያም ቢሆን ይታይ። ነጣ ባለው ላይ ስትነኪው ዝም ካለ ግን ማልደሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ «አይሰማውም» የሚለውን ቃል ራስሽ ተናገሪ። ቅባት ሰጥተው ሊሸኙሽ ከሞከሩ ጥጡን አውጪና እፊታቸው አሳዪያቸው። እኔን ያኔ እንዲህ ያደረገኝ ሰው ቢኖር!

በነገራችን ላይ ዝሆኔን ከሥጋ ደዌ ጋር የምታምታቱ አላችሁ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ዓመታት በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ሌላ ነው። እሱ ላይ የእግሩ ስሜት እንዳለ ነው፤ ጥጡ ይለየዋል። በእጥበትና በጫማ ብዙ ይሻሻላል።

ከሜጫ። ጓያ የእግር ስሜት ይገድላል ይባላል፣ እውነት ነው? በእንፋሎቱም ይይዛል?

ስሜት አይገድልም። ጓያ የሚጎዳው ሌላኛውን አቅጣጫ ነው፦ ከአንጎል ወደ እግር «ተንቀሳቀስ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያወርደውን መንገድ። የተጎዳ ሰው እግሩ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ በጣቱ ይራመዳል፤ ብትነካው ግን በደንብ ይሰማዋል። በእንፋሎት አይይዝም፣ ገለባው ላይ በመተኛትም አይይዝም። በመብላት ነው፤ ያውም ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን። ጉዳቱ ከደረሰ አይመለስም፤ ስለዚህ በችጋር ዓመትም ቢሆን ከሌላ እህል ጋር ደባልቁት።

ከደብረ ማርቆስ፣ አንዲት ልጅ። አባቷ እግራቸው ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ዓመት ሆኗቸዋል። ሌሊት «አውራ ጣቴን እከኩልኝ» ይላሉ፤ የሌለውን ጣት። አንዳንዴም ጣታቸው ታጥፎ የተቆለፈባቸው ይመስላቸዋል፣ ያማቸዋል። ዘመድ «አእምሮው ተነክቷል» ማለት ጀምሯል።

ዘመዶችሽን በእኔ ስም ዝም አሰኚያቸው። አባትሽ ደህና ናቸው።

አንጎል ላይ የመላ ሰውነት ካርታ አለ። ፔንፊልድ የሚባል የሞንትሪያል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነቁ ሰዎችን አንጎል ሲቀድ (አንጎል ራሱ ሲነካ አያምም) ቦታ ቦታውን በቀላል ኤሌክትሪክ እየነካ «ምን ተሰማህ?» ይል ነበር። አንዱ «አውራ ጣቴ» ይላል፣ አንዱ «ከንፈሬ»። ካርታው ላይ ከንፈርና እጅ ከጀርባ የሰፋ ቦታ ይዘዋል፤ መሬቱ የተከፋፈለው በሥራ ብዛት ነው እንጂ በስፋት አይደለም። እንግዲህ የአባትሽ እግር ሲቆረጥ ካርታው ላይ ያለው እግር አልተቆረጠም። ጉቶው ላይ የቀሩት የነርቭ ጫፎች መልእክት መላካቸውን አላቆሙም፤ ካርታው ላይ የእግሩ ጎረቤቶችም ባዶ ቦታውን ይነካካሉ። አንጎል ያንን ሲያነብ «አውራ ጣት» ይላል። ውሸት አልተናገሩም፤ ለማንም የሚያሳክከው አንጎሉ ውስጥ ነው።

የሚረዳ ነገር አለ። ረዘም ያለ መስታወት በእግራቸው መካከል አቁሙላቸው፣ ደህናው እግር መስታወቱ ውስጥ ይታያቸው፤ ሌላው የተመለሰ ይመስላቸዋል። ደህናውን ቀስ እያሉ ሲያጥፉና ሲዘረጉ የተቆለፈው ጣት የሚፈታላቸው ሰዎች አሉ። ለሁሉም አይሠራም፣ ግን ዋጋው የመስታወት ዋጋ ነው። ጉቶውን በእጅ ማሸትና ሰው ሠራሽ እግር መልበስም ይጠቅማል፤ ባህር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ ክኒኖችም ስላሉ ሐኪም ያነጋግሩ። ሌሊት «እከኩልኝ» ሲሉሽ ደግሞ የደህናውን እግር አውራ ጣት እከኪላቸው። አትሳቂ፣ አንዳንዴ ይሠራል።

ከደብረ ማርቆስ፣ ሌላ። አረቄ በጥጥ ነክሮ ጥርስ ላይ መያዝ ነርቩን ይገድላል?

ድዱን ያቃጥላል። ነርቩ እዚያው ነው፣ ጠዋት ይጠብቅሃል። ጥርስ ሐኪም ሂድ።

ከአማኑኤል፣ አንዲት እናት። «ልጄ ሲስተር፣ ጤና ጣቢያው ወረፋው ብዙ ነው። ቤትሽን ንገሪኝና መጥቼ እግሬን እዪልኝ።»

እማማ፣ ቤቴ ቡና እንጂ ምርመራ የለም። ለቡናው ይምጡ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ግን ጫማዎንም ካልሲዎንም ሳይጠየቁ አውልቀው ይቀመጡ፤ እግር ካላዩ ስለ እግር የማይጠይቁ ባለሙያዎች አሉ፣ እኔም አንዷ ነበርኩ።